ለራሳችሁ ምን ትላላችሁ? ፉከራ፣ ሟርት፣ ጥሪ፣ ሙግት እና አይዞህ ሲነጻጸሩ

የመንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዳገት ላይ ነው። መኪናው ይጠፋል፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ይጭራል፣ አለቀ። እኔን የከነከነኝ ግን መውደቁ አልነበረም። መኪናው ከመጥፋቱ በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ የምሰማው ድምፅ ነው። «እጀ ሰባራ!» ይለኛል። ፍሪሲዮኑን ድንገት የምለቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው መውደቅሽን ከሰማ ደግሞ ምክር አያልቅበትም። አንዷ «ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ፣ እኔ ጎበዝ ሹፌር ነኝ በዪ» አለችኝ። አንዱ «ተዪው ባክሽ፣ አታስቢው» አለኝ። ሌላው የሞቲቬሽን ቪዲዮ ላከልኝ። ሰውየው ለ40 ደቂቃ ይጮሃል። ሁሉም ቅን ናቸው። ምክራቸው ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። ስለዚህ ሰው ለራሱ ስለሚለው ነገር ተመራማሪዎች ምን እንዳገኙ ማንበብ፣ ያነበብኩትንም ራሴ ላይ መሞከር ጀመርኩ። የስነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ጫማ እንደሚገዛ ሰው ግን እያንዳንዱን አጥልቄ ትንሽ ሄጄበታለሁ።

ጸሎትን ንጽጽሩ ውስጥ አላስገባሁም። የሚጸልይ ሰው ከፈጣሪው ጋር እንጂ ከራሱ ጋር አያወራም። እሱ ሌላ ነገር ነው።

ድምፁ የማን ነው?

ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል ሩሲያዊ የስነ ልቦና ሊቅ ነበር። የሞተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ሕፃናት ሲጫወቱ ለብቻቸው ጮክ ብለው እንደሚያወሩ ልብ ብሎ ተመለከተ። «ይቺን እዚህ… አይ፣ እዚያ» ይላሉ። እንደ እሱ አባባል ይህ ንግግር መጀመሪያ ከትልልቅ ሰዎች የተሰማ ነው። ልጁ ይወስደውና ለራሱ ይናገረዋል። ሲያድግ ድምፁ ይጠፋና ወደ ውስጥ ይገባል። የውስጥ ድምፃችን ከሰው የተዋስነው ነው ማለት ነው።

አማርኛ ይህን ቀድሞ የደረሰበት ይመስለኛል። ይሉኝታ የሚለውን ቃል እስቲ ፍቱት። ውስጡ ያለው «ይሉኛል» ነው። ማንም ገና ምንም ሳይል፣ እኛው እነሱን ሆነን ለራሳችን እንናገራለን።

የእኔ «እጀ ሰባራ» የአክስቴ ቃል ነው። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ የቡና ሲኒ ሰበርኩ። አክስቴ ያን ቀን አንድ ጊዜ ተናግራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ እየደገምኩላት ነው።

ስለዚህ የትኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ሳምንት አድምጡ። ስትሳሳቱ ለራሳችሁ የምትሉትን ቃል በቃል ስልካችሁ ላይ ጻፉት። አታሳምሩት። እኔ ስጽፍ አንድ ነገር አየሁ። ስድቡ ሁልጊዜ የሚጀምረው «አንቺ» ብሎ ነው። «አንቺ ደግሞ!» «አበላሸሽው!» አንድም ጊዜ «አበላሸሁት» አላልኩም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፉከራ፦ «እኔ አሸናፊ ነኝ»

ገበያው ላይ በብዛት የሚሸጠው ይህ ነው። አዲስም አይደለም። ኤሚል ኩዌ የሚባል ፈረንሳዊ ፋርማሲስት (1857–1926) ሰዎች «በየቀኑ፣ በሁሉም ነገር፣ እየተሻለኝ ነው» እያሉ እንዲደጋግሙ ያስተምር ነበር። ዛሬ አዳራሽ ተከራይተን፣ ቲኬት ገዝተን፣ እጃችንን ወደ ላይ አንስተን የምንለው የሱ የልጅ ልጅ ነው።

ይሠራል ወይ? ለአንዳንዱ። ጆአን ዉድ የምትባል የካናዳ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት አለ። ሰዎች ደወል በሰሙ ቁጥር «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» እንዲሉ ተደረገ። ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ያላቸው ጥቂት ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ይህን ካላሉት መሰሎቻቸው ይልቅ ባሰባቸው። መድኃኒቱ ጤነኛውን ጠቀመ፣ የታመመውን ጎዳ። ለምን እንደሆነ መስታወት ፊት ቆሜ ገባኝ። «ጎበዝ ሹፌር ነኝ» ስል ውስጤ ወዲያው «ዳገቱስ?» ይላል። ቃሉ ከማምነው ነገር በራቀ ቁጥር መልሱ ይበረታል።

ሌላም አለ። ገብርኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎችን ተከታትላለች። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ሥራ ሲያገኙ በሐሳባቸው ደጋግመው በደስታ ያዩ የነበሩት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት የሥራ ዕድልም ደመወዝም ያነሰ ነበር። አገኛለሁ ብለው ከልባቸው የጠበቁት ግን ተሳክቶላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። መጠበቅ ካለፈ ልምድ ይመጣል። ምኞት ግን ከየትም ሊመጣ ይችላል፣ ሶፋ ላይ ተኝቶም ይመኙታል።

እዚህ ላይ ለአያቶቻችን ልከራከርላቸው። እነሱስ «ዘራፍ!» ይሉ አልነበር? ይሉ ነበር። ግን ፉከራውን ልብ በሉት። ፎካሪው የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። የት እንደዘመተ፣ ምን እንደጣለ ይቆጥራል። ይህን የሚለው ደግሞ አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ነው። ቢዋሽ እዚያው ያፍራል። ማለትም ፉከራ ማስረጃ ነበረው፣ ምስክርም ነበረው። የመስታወቱ ፉከራ ሁለቱም የሉትም።

ፉከራን የምትመርጡ ከሆነ እንግዲህ እንደ ድሮው ፎክሩ። «እኔ አሸናፊ ነኝ» አትበሉ። «ባለፈው ዓመት ያን ሪፖርት በሁለት ሌሊት የጨረስኩ እኔ ነኝ» በሉ። ትንሽ ነው፣ ግን ማንም አይነጥቃችሁም።

ሟርት የሚመስለው መንገድ

ኦቲንገን ምኞትን ተችታ ብቻ አልተወችውም። ያቀረበችው መፍትሔ መጀመሪያ የምትፈልገውን ነገር ማሰብ፣ ቀጥሎ በመንገዱ የሚቆመውን እንቅፋት መጥራት ነው። በተለይ በራስ ውስጥ ያለውን እንቅፋት። ከዚያ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን።

እኛ ቤት ይህ ይከብዳል። «ዳገቱ ላይ ብደነግጥስ?» ብዬ ጮክ ብዬ ሳስብ እናቴ «አታሟርቺ!» ትለኛለች። ክፉ ነገር በአፍ ከተጠራ ይመጣል ብለን ነው ያደግነው። የቃልን ጉልበት አልንቅም። ግን ሟርት እና ዝግጅት አንድ አይደሉም። ሟርተኛ «መኪናው ይጠፋብሻል» ብሎ ይሄዳል። ዝግጁ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሰዋል። «መኪናው ከጠፋ፣ ፍሬን እይዛለሁ፣ አንድ ጊዜ እተነፍሳለሁ፣ እንደገና አስነሳለሁ።»

ይህ መንገድ ለፈተና፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ከባድ ወሬ ከሚነገርበት ስብሰባ በፊት በጣም ጥሩ ነው። ወረቀትና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ለጭንቀታም ሰው ግን አደጋ አለው። እንቅፋቱን ጠርቶ «ከሆነ» ላይ የሚቆም ከሆነ እናቴ ልክ ናት።

ጥሪ፦ ራስን በስም መጥራት

እኔን በጣም ያስገረመኝ ይህ ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢታን ክሮስ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ያለ በቂ ዝግጅት ሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉ አደረጉ። ከዚያ በፊት ግማሹ ስለ ጭንቀቱ «እኔ» እያለ አሰበ። ግማሹ ራሱን በስሙ ወይም «አንተ» እያለ ጠራ። ራሳቸውን በስም የጠሩት የተሻለ ተናገሩ። ካበቁ በኋላም እፍረቱ ቀነሰላቸው። ከራስ አንድ እርምጃ ራቅ ማለት ነው ነገሩ። ለጓደኛ ምክር መስጠት ለራስ ከመስጠት ይቀላል አይደል? ስሙ ያንን ርቀት ይፈጥራል።

አሁን «አይዞህ» የሚለውን ቃል አስቡት። አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዟችሁ እንላለን። «አይዞኝ» የሚል ሰው ግን እኔ አልገጠመኝም። ይህ ቃል ሰሚ ይፈልጋል። ለራሴ ልለው ብፈልግ የግድ ራሴን «አንቺ» ማድረግ አለብኝ። ቋንቋው ራሱ ወደ ክሮስ ጥናት ይገፋኛል። መዝሙረኛውም «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» ሲል ነፍሱን ከፊቱ አስቀምጧት ነው የሚጠይቃት። ዳዊት ሲደገምበት ያደገ ሰው ይህን ዘዴ ሳያውቀው ያውቀዋል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። ስድቤ «አንቺ» ይላል፣ ማበረታቻዬ «እኔ» ይላል። «አንቺ» የሚለው ደግሞ ከላይ፣ ከትልቅ ሰው የመጣ ይመስል ይሰማል። ስለዚህ ስድቡ ሁሌም ያሸንፋል። ማበረታቻውንም ወደ «አንቺ» አዛወርኩት። «አንቺ ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት ይህችን ዳገት አራት ጊዜ ወጥተሻታል።» ልዩነቱ ወዲያው ነው የተሰማኝ።

ብቸኛው ጉዳቱ ምን መሰላችሁ? ታክሲ ውስጥ ከንፈራችሁ ከተንቀሳቀሰ ሰው ይሸሻችኋል። ብቻውን የሚያወራ ሰው እኛ አገር ስሙ አያምርም። በልባችሁ ተናገሩት።

አጭር ትእዛዝ፦ ለእጅ ሥራ

ዳገቱ ላይ ግን ጥሪውም ረዘመብኝ። ሦስት ሰከንድ ላለው ሰው ዓረፍተ ነገር ብዙ ነው። የስፖርት ስነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የ32 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ገምግመው፣ ስፖርተኞች ለራሳቸው የሚናገሩት ቃል ብቃታቸውን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ጥንቃቄና ቅልጥፍና ለሚጠይቅ እንቅስቃሴ ደግሞ «ጎበዝ ነህ» ከማለት «ክርንህን ቀጥ አድርግ» የመሰለ ትእዛዝ ይበልጥ ይረዳል።

የእኔ ትእዛዝ ሦስት ቃል ሆነ። «ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ፣ እጅ ፍሬን።» ይኸው ነው። «እጀ ሰባራ» የሚገባበት ቀዳዳ የለም፣ አፌ ተይዟል። እንጀራ መጋገር፣ መርፌ መውጋት፣ ክራር መደርደር የምትማሩ ካላችሁ ከፉከራ በፊት ይህን ሞክሩ።

ልባችሁ እየመታ ከሆነም አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የሃርቫርዷ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከመዝፈን ወይም ሰው ፊት ከመናገር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠርተዋል። የሚመታ ልብን ተረጋጋ ማለት ከልብ ጋር መጣላት ነው። ጓጉቷል ማለት ግን ውሸት አይሆንም።

ሙግት፦ «ተጠየቅ!»

አሮን ቤክ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በ100 ዓመቱ ነው ያረፈው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ታካሚዎች ሲያዳምጥ፣ ሳያስቡት ብልጭ የሚሉ ፈጣን ሐሳቦች እንዳሏቸው አስተዋለ። «ሁሌም ይበላሽብኛል» «ማንም አይፈልገኝም» የመሳሰሉ። ታካሚዎቹ እነዚህን እንደ እውነት ተቀብለው ይኖራሉ እንጂ አይጠይቋቸውም። የሱ ሕክምና ሐሳቡን በአዎንታዊ ሐሳብ መተካት አይደለም። ማስረጃ መጠየቅ ነው።

እኛ ደግሞ የሙግት ሕዝብ ነን። በድሮው ችሎት ባለጉዳዮች በዛፍ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ!» «ተጠየቅ!» ይባባሉ ነበር። ያንን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። እኔ እንዲህ አደረግኩ። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ «እጀ ሰባራ»ን ከሰስኩት። ምስክርህን ጥራ አልኩት። የቡና ሲኒውን ጠራ። ሁለቱን ፈተና ጠራ። ሌላስ? ዝም። እኔ ደግሞ የእኔን ጠራሁ። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ እንጀራ እጋግራለሁ፣ ክብ ነው፣ ዓይናማ ነው፣ ከምጣድ ሳወጣው አይቀደድብኝም። ሰባራ እጅ ይህን አይሠራም። ፍርዱ «ጎበዝ ሹፌር» አልሆነም። «እጇ ደህና ነው፣ ዳገት ገና አልለመደችም» ሆነ። እና ይህን ማመን ቻልኩ። ከመስታወቱ ጋር ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ሙግት ከሁሉም የበለጠ ሥር ይነቅላል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ወረቀት ይፈልጋል፣ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ የሚደረግ ሙግት ሙግት አይደለም። እንደ ላም ማመስኳት ነው። ያንኑ ነገር መዋጥና መልሶ ማኘክ። በዚያ ሰዓት ተነሱና ውኃ ጠጡ፣ ችሎቱን ለነገ ቅጠሩት።

አይዞሽ፦ ከወደቁ በኋላ

ይህን በመጨረሻ ነው የሞከርኩት፤ ፈራሁት። ለራሴ ደግ ከሆንኩ እሰንፋለሁ ብዬ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ልጅ ሲወድቅ «ማን ሩጪ አለሽ!» ብለን የምንገላምጠው ጠንካራ እንዲሆንልን ነው።

የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይህን ጉዳይ ስታጠና ኖራለች። ለራስ መራራት የምትለው ሦስት ነገር አለው። ሕመሙን ሳያጋንኑ ማየት፣ ለራስ ደግ መሆን፣ የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማስታወስ። ሦስተኛውን ለቅሶ ቤት እናውቀዋለን። «ያንቺ ብቻ አይደለም» እንላለን። ለራሳችን ግን አንለውም። ለራሳችን የምንለው «እንዲህ የሆነው በእኔ ብቻ ነው» ነው።

ስንፍናውስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጁሊያና ብሬይንስ እና የሴሬና ቼን ጥናት ተማሪዎችን ሆን ብሎ ከባድ የቃላት ፈተና ሰጣቸው። ከውድቀቱ በኋላ ለራሳቸው እንዲራሩ የተመከሩት ለሚቀጥለው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ አጠኑ። ራሱን የሚገርፍ ሰው ደብተሩን መክፈት ይፈራል። እኔም ከሁለተኛው ውድቀት በኋላ ሦስት ወር መኪና ውስጥ አልገባሁም። ስንፍና ከተባለ ያ ነበር ስንፍናው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። «አይዞሽ» እና «ለበጎ ነው» አንድ አይደሉም። «ለበጎ ነው» የማይመለስ ነገር ላይ ያሳርፋል። ሊስተካከል የሚችል ነገር ላይ ከተባለ መሸሻ ይሆናል። ሁለት ጊዜ መውደቄ ለበጎ አልነበረም። ዳገት አልተለማመድኩም ነበር።

«አታስቢው»

ይህን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ጠየቃቸው። ባሰቡት ቁጥር ደወል እንዲደውሉ ተነገራቸው። ደወሉ ቶሎ ቶሎ ይደወል ነበር።

ሲሳካስ ምን ትላላችሁ?

ለራሳችን ስለምንለው ስናወራ ሰው ሁሉ የሚያየው ውድቀቱን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሦስተኛውን ፈተና ያለፍኩ ቀን ነው። ከመኪናው ወረድኩ። ድምፁ መጣ። «ምን አላት ታዲያ፣ ሰው ሁሉ ይነዳ የለ?» አለኝ። ሁለት ዓመት የፈለግኩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ባዶ አደረገው።

አንዳንድ ሰው ዲግሪ ይዞ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ የማይረካው በዚህ ይመስለኛል። መለኪያው በደረሰ ቁጥር ወደፊት ይገፋል። እዚህ ላይ ፉከራም ሙግትም አልረዱኝም። የረዳኝ «ተመስገን» ነው። ግን «እንዴት ነሽ?» ሲባል ከአፍ የሚወጣው ተመስገን አይደለም፣ እሱማ ሰላምታ ነው። ሮበርት ኢመንስ እና ማይክል ማካላ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በየሳምንቱ እስከ አምስት የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉ ሰዎች፣ የሚያናድዳቸውን ከጻፉት ይልቅ ሕይወታቸውን በደህና ዓይን አይተዋል። ቁም ነገሩ ነገሩን ለይቶ መጥራቱ ላይ ነው። «ለሁሉም ተመስገን» ቶሎ ይረሳል። «ዛሬ ዳገቷን መኪናው ሳይጠፋብኝ ወጣኋት፣ ተመስገን» ግን ይቀራል። እኔ ማታ ማታ አንድ ብቻ እጽፋለሁ። አምስት አይመጣልኝም።

እና የትኛውን?

አንዱን ብቻ ውሰዱ ከተባልኩ ጥሪውን እመርጣለሁ። ዋጋ የለውም፣ ታክሲ ውስጥም ይሠራል፣ ለጀማሪም አይከብድም። ነገ ፈተና ያለበት ሰው የሟርት መሳዩን መንገድ ዛሬ ማታ ይሥራ፣ ነገ በአጭር ትእዛዝ ይግባ። ትናንት የወደቀ ሰው ሙግት አይጀምር፤ ቁስሉ ትኩስ ሲሆን ዳኛው ያዳላል። መጀመሪያ አይዞህ፣ ከሳምንት በኋላ ችሎት። ፉከራን ለሚያምኑት እተወዋለሁ። ካመናችሁበት ይጠቅማችኋል፣ ካላመናችሁበት ግን በቲኬቱ ገንዘብ ደብተር ግዙ።

ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳ፣ ምግብ ያስጠላ፣ «ባልኖርስ» የሚል ድምፅ ካለ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አትምረጡ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ በኋላ አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና እየጠጣን የሲኒውን ነገር አነሳሁባት። ፈጽሞ አታስታውሰውም። «እኔ? እንዲህ ብዬሽ?» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «እናቴ እኔን ነበር እንዲህ የምትለኝ» አለች። የያዘችውን ሲኒ ቀስ ብላ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው።

«እና መቼ ነው ደብረ ብርሃን የምትወስጂኝ?» አለችኝ ቀጥላ። «ዳገቱ ብዙ ነው አሉ።»